አውቶማቲክ ማርሽ ያላትን አሮጌ መኪና በሻሲ ዳይኖ ላይ መፈተሽ፦ የ1967 ፎርድ ሙስታንግ ከነ289 ሞተሯና ከነሲ4 ካምቢዮዋ

ሻሲ ዳይኖ መኪናዋ ታስራ ጎማዋ በሮለር ላይ እየዞረ ጉልበቷ የሚለካበት ማሽን ነው። የሚለካው ሮለሩ ላይ የደረሰውን ጉልበት ነው፤ ሞተሩ የሠራውን አይደለም። በማንዋል መኪና ሁለቱን የሚለየው ኪሳራ ብዙም አይዋዥቅም። በአውቶማቲክ ግን መሃል ላይ የሞተሩን ጉልበት በዘይት አማካይነት ወደ ካምቢዮው የሚያሳልፍ ቶርክ ኮንቨርተር አለ። ይንሸራተታል፣ ዘይቱን ያሞቃል፣ ዝቅ ባለ ዙር ደግሞ ቶርኩን (የመጠምዘዝ ኃይሉን) ያባዛል። ማርሹ፣ የዘይቱ ሙቀትና የሚነሳበት ዙር ከሩጫ ሩጫ ከተለያየ የሚወጡት ቁጥሮች አይወዳደሩም። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ሥራ በአብዛኛው ሦስቱን አንድ ዓይነት አድርጎ ስለመያዝ ነው።

ለምሳሌ የወሰድነው የ1967 ሙስታንግ ነው፤ ባለ289 ኩቢክ ኢንች ቪ8፣ ባለሁለት ጉሮሮ ካርቡራቶር፣ ባለሦስት ማርሽ ሲ4። ፋብሪካው የሰጣት ቁጥር በደቂቃ በ4,400 የሞተር ዙር 200 የፈረስ ጉልበት፣ በ2,400 ዙር 282 ፓውንድ ፉት ወይም 382 ኒውተን ሜትር ነው። የካምቢዮው ብዜት 2.46፣ 1.46 እና 1.00 ነው። ዲፈረንሻሉን 2.80 ብለን እንይዛለን። የናንተ 3.00 ወይም 3.25 ከሆነ በስሌቶቹ ውስጥ እሱን ተኩ።

መጀመሪያ፦ ዳይኖው ምን ዓይነት ነው?

ከመሄዳችሁ በፊት ደውላችሁ ጠይቁ። የኢነርሺያ ዳይኖ ከባድ ከበሮ ነው፤ ከበሮው ምን ያህል ፈጥኖ እንደተነሳ አይቶ ጉልበቱን ያሰላል። ኤዲ ከረንት ያለው ደግሞ ሮለሩን በኤሌክትሪክ ፍሬን ይይዛል፤ አንድ ዙር ላይ አቁሞ ማየትም ይቻላል። ለአውቶማቲክ ሁለተኛው ይሻላል፤ ኮንቨርተሩን ተጭኖ ስለሚያረጋጋውና ሩጫው ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅ መወሰን ስለሚያስችል። አደጋው ግን አለ፦ ጭነት ላይ ረጅም ጊዜ ከቆየ ዘይቱን ያቃጥለዋል። በሁለት የተለያዩ ዳይኖዎች የተገኙ ቁጥሮችን አታነጻጽሩ። ካርቡራቶር ቀይራችሁ ልዩነቱን ማየት ከፈለጋችሁ ወደዚያው ዳይኖ ተመለሱ።

ወደ ዳይኖው ሳትሄዱ የሚሠራ

*ጎማ።* በጎኑ ላይ ያለውን የምርት ቁጥር የመጨረሻ አራት አሃዞች አንብቡ፤ ሁለቱ ሳምንቱን፣ ሁለቱ ዓመቱን ይናገራሉ። ክሩ አዲስ ቢመስልም አሥር ዓመት ያለፈው ጎማ ሮለር ላይ አይወጣም። አሮጌ መኪና ብዙ ስለምትቆም ጎማዋ ሳያልቅ ይደርቃል። ሮለር ላይ ደግሞ የሚነካው ቦታ ጠባብ ስለሆነ ከመንገድ የበለጠ ይሞቃል። ነፋሱን ወደ 2.2 ባር (32 ፒኤስአይ) አምጡና በየሩጫው መሃል ፈትሹ። የቸርኬ ዳዶዎቹን ወደ 120 ኒውተን ሜትር አጥብቁ። ከጎማው ክር ውስጥ ጠጠር ልቀሙ፤ በ140 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚወረወር ጠጠር ሰው ይጎዳል።

*የዙሩ ርዝመት።* ጎማው ላይና ወለሉ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጉ፤ ሰው ውስጥ ተቀምጦ መኪናዋን ጎማው አንድ ዙር እስኪሞላ ግፉና ርቀቱን በሜትር ለኩ። 195/75አር14 ጎማ በወረቀት ስሌት 2.04 ሜትር ይመጣል፤ ክብደት ሲያርፍበት ግን ያንሳል። እኛ 1.98 እንይዛለን። መንሸራተቱን የምናሰላው በዚህ ነው።

*የካምቢዮ ዘይት።* ለዚህ ካምቢዮ የሚገባው ታይፕ ኤፍ ነው። የሚለካው ሞቆ፣ መኪናዋ ሜዳ ላይ ቆማ፣ ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ፣ ማርሹ ፒ ላይ ነው። ከዚያ በፊት ፍሬን ይዛችሁ እጀታውን በሁሉም ማርሾች አሳልፉት። ዘይቱ ቀይና ጠረኑ ለስላሳ ከሆነ ደህና ነው። ቡናማ ሆኖ የተቃጠለ ከሸተተ ዳይኖው ይቅር፤ መጀመሪያ ካምቢዮው ይታይ።

*ቫኪዩም ሞዱሌተር።* ከካምቢዮው ጀርባ ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ቀጭን ጎማ ቱቦ ከሞዱሌተሩ ንቀሉ። ቱቦው ውስጥ ቀይ ዘይት ካለ ውስጡ ያለው ሽፋን ተቀድዷል፤ ሞተሩ የካምቢዮ ዘይት እየጠጣ ነጭ ጭስ ያወጣል፣ የካምቢዮውም ግፊት የተሳሳተ ይሆናል። ቱቦው ከተሰነጠቀ ደግሞ ካምቢዮው ሁልጊዜ ሙሉ ጋዝ የተሰጠ ይመስለዋል፤ ማርሽ ሲቀይር ይመታል።

*ባንድ።* ሙከራውን የምናደርገው በሁለተኛ ማርሽ ነው፤ ምክንያቱን በታች ታያላችሁ። ሁለተኛን የሚይዘው የመሃከለኛው ባንድ ነው፤ ባንድ ማለት በካምቢዮው ውስጥ ከበሮ ጨብጦ የሚይዝ ቀለበት ነው። የማስተካከያው ቡሎን በካምቢዮው ግራ ጎን፣ በነጂው በኩል፣ ከውጭ ይገኛል። የመቆለፊያውን ዳዶ ፍቱና አዲስ ግጠሙ፤ አሮጌው ዘይት ያፈሳል። ቡሎኑን በ10 ፓውንድ ፉት (13.5 ኒውተን ሜትር ገደማ) አጥብቁ፣ ከዚያ 1 ዙር ከሦስት ሩብ ወደኋላ መልሱ፤ ቡሎኑ ሳይዞር ዳዶውን ቆልፉ። በቀኝ በኩል ያለው የዝቅተኛና የኋላ ማርሽ ባንድም በዚያው ኃይል ይጠብቅና 3 ዙር ይመለሳል።

*እሳት።* የፑንቲናው (በስፒንተሮጀኖው ውስጥ ያለው የእሳት መቆራረጫ) ክፍተት 0.43 ሚሊ ሜትር፣ የካንዴላው 0.86 ሚሊ ሜትር። የስፒንተሮጀኖውን (የእሳት አከፋፋዩን) የቫኪዩም ቱቦ ነቅላችሁ ደፍናችሁ ታይሚንጉን (ካንዴላው የሚተኩስበትን ጊዜ) በሚኒሞ 6 ዲግሪ ላይ አድርጉ። ከዚያ ሞተሩን ከ3,000 ዙር በላይ አውጥታችሁ ጠቅላላው ቅድሚያ ስንት እንደደረሰ እዩ፤ ከ34 እስከ 36 ዲግሪ መካከል ቢሆን ጥሩ ነው። ሚኒሞ ላይ ብቻ የተለካ ታይሚንግ ለዳይኖ አይበቃም፤ በስፒንተሮጀኖው ውስጥ ያሉት ስፕሪንጎች ከላሉ ወይም ከዛጉ ላይኛው ዙር ላይ የሚሆነው ሌላ ነው።

*ሙሉ ጋዝ በእርግጥ ሙሉ ነው?* ሞተሩ ጠፍቶ አንድ ሰው ፔዳሉን እስከ ወለል ይርገጥ። እናንተ የአየር ማጣሪያውን አንስታችሁ ካርቡራቶሩን ከላይ እዩ፤ የታችኞቹ ሳህኖች ቀጥ ብለው መቆም አለባቸው። ያረጀ ዘንግ፣ ወይም ከፔዳሉ ሥር የገባ ወፍራም ምንጣፍ ጋዙን በከፊል ይዘጋዋል፤ ሰዎች የጠፋውን ጉልበት ሞተሩ ውስጥ ሲፈልጉ ይውላሉ። የቾኩም ሳህን ሞተሩ ሲሞቅ ሙሉ በሙሉ መከፈቱን አብራችሁ አረጋግጡ።

የካርዳን ዘንጉን መጋጠሚያዎች፣ ክሮቼራዎቹን፣ በእጅ ነቅንቁ፤ ትንሽ እንኳ ልቅ ከሆኑ ቀይሩ። የነዳጅ ጎማ ቱቦዎችን እጠፉና ስንጥቅ ፈልጉ፤ የአሜሪካ ቤንዚን ኤታኖል ስላለበት የድሮውን ጎማ ይበላዋል። ታንኩ ቢያንስ ግማሽ ይሁን።

በየትኛው ማርሽ?

የተለመደው ምክር 1ለ1 በሆነው ማርሽ ሞክሩ ነው፤ ለሲ4 ሦስተኛ ማለት ነው። ለዚች መኪና ግን ስሌቱን እዩ፦

4,800 ዙር ÷ 2.80 × 1.98 ሜትር × 60 ÷ 1,000 = 204 ኪሎ ሜትር በሰዓት።

በጎኑ ኤስ የተጻፈበት ጎማ የሚችለው 180፣ ቲ የተጻፈበት 190 ነው። የስልሳ ዓመት የካርዳን ዘንግም በዚያ ፍጥነት መፈተን የለበትም። በሁለተኛ ማርሽ 204ን ለ1.46 ስታካፍሉት 140 ኪሎ ሜትር ገደማ ይመጣል። ይህ ደህና ነው።

የ1967ቱ ሲ4 የሚመችበት ሌላም ምክንያት አለ። እጀታውን 2 ላይ ስታስቀምጡ ካምቢዮው ሁለተኛ ላይ ይቆለፋል፤ ወደ ሦስተኛ አይወጣም፣ ሙሉ ጋዝ ስትሰጡትም ወደ አንደኛ አይወርድም። ከ1964 አጋማሽ እስከ 1966 በወጡት ላይ ግን ከኤን ቀጥሎ ያሉት ትንሽና ትልቅ ነጥቦች ናቸው። ትንሹ ነጥብ በሁለተኛ ይነሳል እንጂ አይቆለፍም፤ ፍጥነቱ ሲደርስ ሦስተኛ ይገባል። ከነሱ አንዷ ካለቻችሁ ዝቅተኛ ዲፈረንሻል ቢኖራትም በሦስተኛ መሞከር ግድ ይሆናል፤ ለፍጥነቱ የሚበቃ ኤች ጎማ ግጠሙ፣ ሩጫውንም ጎማው በሚፈቅደው ላይ አቁሙ።

በሦስተኛ ስትሞክሩ የሚያስቸግረው ኪክዳውን ነው፤ ሙሉ ጋዝ ሲሰጥ ካምቢዮው ወደ ሁለተኛ ይወርድና ግራፉ ይበጣጠሳል። በሲ4 ላይ የኪክዳውኑን ዘንግ ከካርቡራቶሩ ለጊዜው መፍታት ይቻላል፤ የመስመሩን ግፊት የሚቆጣጠረው ቫኪዩም ሞዱሌተሩ ስለሆነ አይጎዳም። በጂኤም ቲኤች400 የኪክዳውኑን የኤሌክትሪክ ሽቦ መንቀል ይበቃል። ነገር ግን ይህን ልብ በሉ፦ በጂኤም 700አር4 እና 200-4አር ላይ፣ እንዲሁም በክራይስለር ቶርክፍላይት ላይ ከካርቡራቶሩ የሚመጣው ገመድ ወይም ዘንግ ግፊቱንም ጭምር ይወስናል። እሱን ፈታችሁ ሙሉ ጋዝ ከሰጣችሁ ፍሪሲዮኖቹ በአነስተኛ ግፊት እየተንሸራተቱ በአንድ ሩጫ ሊቃጠሉ ይችላሉ። ብዙ አሮጌ ሸቭሮሌዎች በኋላ 700አር4 ተገጥሞላቸዋል፤ ካምቢዮው የትኛው እንደሆነ ሳታውቁ ምንም አትፍቱ።

ሮለሩ ላይ ማውጣትና ማሰር

የኋላ ጎማዎቹ መሃል ላይ ካረፉ በኋላ ሳታስሩ በጣም በቀስታ ጥቂት ዙር አስኪዱ፤ መኪናዋ ራሷ ቀጥ ብላ ትቀመጣለች። ከዚያ እሰሩ። ከኋላ ሁለት ቀበቶዎች ከአክስሉ ወደ ወለሉ፣ ከፊት ሁለት ከታችኛው የሻሲ አካል። የፊት ጎማዎቹን በታኮ አግዱ።

በሙስታንግ የኋላ አክስል ላይ የፍሬን ዘይት ቀጭን የብረት ቱቦ ተያይዞ ይሄዳል። ቀበቶው በሱ ላይ ካረፈ ይጨፈልቀዋል፤ ይህን በባትሪ መብራት ከሥር ገብታችሁ በዓይናችሁ እዩ። ከፓራውልት ጋር በፍጹም አታስሩ። ቀበቶውንም ከልክ በላይ አትወጥሩት፤ ጎማው ሮለሩ ላይ በተጫነ ቁጥር የሚበላው ጉልበት ይጨምራል። በየቀበቶው ላይ ስንት ጊዜ እንደወጠራችሁ ጻፉ፤ በሚቀጥለው ጊዜ እንዲሁ ትደግሙታላችሁ።

ትልቅ ቬንትሌተር ከፊት፣ ኮፈኑ ተከፍቶ ወይም ተነስቶ፣ የጭስ መሳቢያ ከኋላ፣ እሳት ማጥፊያ በእጅ በሚደረስበት ቦታ። የካምቢዮው ዘይት የሚቀዘቅዘው ራዲያተሩ ውስጥ ባለ ክፍል ስለሆነ ነፋሱ ራዲያተሩን ካላገኘው ካምቢዮውም ይሞቃል። ሮለሩ እየዞረ ከኋላና ከጎማው ጎን ማንም አይቁም።

የሞተሩን ዙር በትክክል ማግኘት

የፈረስ ጉልበቱ የሚገኘው ከሮለሩ ኃይልና ፍጥነት ነው፤ የሞተሩን ዙር አይፈልግም። ቶርኩ ግን ይፈልጋል። በማንዋል መኪና ባለሙያው 3,000 ዙር ላይ አስይዞ የዙርና የፍጥነቱን ንጽጽር ይመዘግባል፤ ከዚያ በኋላ ከሮለሩ ብቻ ያሰላል። ይህ በአውቶማቲክ አይሠራም። ያለጭነት 3,000 ላይ ኮንቨርተሩ ብዙም አይንሸራተትም፤ ሙሉ ጋዝ ላይ ግን ይንሸራተታል፤ ስለዚህ የቶርኩ መስመር ይዋሻል።

የዙር መያዣውን በአንደኛው ካንዴላ ሽቦ ላይ ቆንጥጡ። በዚህ ሞተር አንደኛው በቀኝ በኩል የመጨረሻው የፊት ነው። ሶፍትዌሩ ውስጥ በሁለት ዙር አንድ ምት ብላችሁ አስገቡ። ከቦቢናው ኔጌቲቭ ከወሰዳችሁ በአንድ ዙር አራት ምት ነው። ውስጣቸው መዳብ የሆኑ የድሮ ካንዴላ ሽቦዎች ሲግናሉን ይረብሹታል፤ ዙሩ ከ3,000 ወደ 6,000 የሚዘል ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠሩት እነሱ ናቸው።

የነዳጅና የአየር ንጽጽር መለኪያው በጭስ ማውጫው ጫፍ ቢያንስ 45 ሴንቲ ሜትር ይግባ። ከማርሚታው (ከድምፅ ማፈኛው) በፊት ቀዳዳ ካለ አየር ይስብና ነዳጁ ያነሰ አስመስሎ ያሳያል።

የአየር ማስተካከያው

ኤስኤኢ ጄ1349 የሚባለው የማስተካከያ ደንብ የተለካውን ቁጥር ወደ 25 ዲግሪና ወደ 99 ኪሎ ፓስካል ደረቅ አየር ይመልሰዋል። የድሮው ኤስቲዲ የሚባለው ማስተካከያ ጥቂት በመቶ ከፍ ያለ ቁጥር ይሰጣል። ወረቀታችሁ ላይ የትኛው እንደሆነ ይጻፍ፤ ያልተስተካከለውንም ቁጥር ጠይቁ።

ከፍታ ላይ ያላችሁ እዚህ ላይ ቆም በሉ። ዴንቨር 1,600 ሜትር ላይ ናት፤ ብዙ ወገኖቻችንም ይኖሩባታል። እውነተኛው የአየር ግፊቷ 83 ኪሎ ፓስካል አካባቢ ነው፤ የስልኩ የአየር ትንበያ ግን ወደ ባሕር ወለል ስለሚመልሰው 101 ይላል። ባለሙያው የስልኩን ቁጥር ካስገባ ከ20 በመቶ በላይ የሆነው ማስተካከያ ይጠፋል። ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነው በአዲስ አበባ ከፍታ ደግሞ ልዩነቱ ይብሳል። ከፍታ ላይ ካርቡራቶሩ ነዳጅ ያበዛል፤ እንደ መነሻ በየ600 ሜትሩ የጄቱን (በካርቡራቶሩ ውስጥ ነዳጅ የሚያልፍበትን ቀዳዳ) ቁጥር በአንድ ዝቅ ማድረግ ይቻላል፤ የመጨረሻውን ቃል የሚሰጠው ግን የጭስ መለኪያው ነው።

ሩጫው

1. ከመምጣታችሁ በፊት 20 ደቂቃ መንገድ ላይ ንዱ። የራዲያተሩ ውሃ ከ80 እስከ 90፣ የካምቢዮው ዘይት ከ70 እስከ 80 ዲግሪ ላይ ሲሆን ጀምሩ። የዘይት መለኪያ ከሌላችሁ ከካምቢዮው ወደ ራዲያተሩ በሚሄደው ቱቦ ላይ ጥቁር ፕላስተር ለጥፉና በኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር እሱን አንብቡ፤ የሚያብለጨልጭ ብረት ቀጥታ ከተነበበ ከእውነቱ ዝቅ ያለ ቁጥር ይሰጣል።

2. እጀታውን 2 ላይ አድርጉ። በግማሽ ጋዝ እስከ 3,500 ዙር አንድ የሙከራ ሩጫ አድርጉና ሁሉንም መስመሮች እዩ። ዙሩ ይታያል? መኪናዋ ቀጥ ብላ ቆማለች? የሚንኳኳ ነገር አለ?

3. በ2,000 ዙር አረጋጉ። ከዚያ ፔዳሉን በአንድ ሰከንድ ውስጥ በእኩል እስከ ወለል ውረዱበት። ዙሩ ወዲያው ወደ 2,300 ወይም 2,500 ይዘላል፤ ኮንቨርተሩ ነው፣ ችግር አይደለም። እስከ 4,800 ያዙ።

4. በሩጫው መሃል ጆሮ ወደ ሞተሩ። ደረቅ የብረት መንኳኳት ከሰማችሁ ወዲያው ልቀቁ። የአየርና ነዳጁ ንጽጽር ከ13.5 በላይ ከወጣ ልቀቁ። የምትፈልጉት ከ12.5 እስከ 13 ነው።

5. ስትጨርሱ ጋዙን በእርጋታ ልቀቁና እጀታውን እዛው ተዉት፤ የሚያቆመው የሮለሩ ፍሬን ይሁን። በፍጥነት ላይ ሳላችሁ ወደ ኤን አታውጡት። ሞተሩ ወደ ሚኒሞ ሲወርድ የካምቢዮው ፓምፕም አብሮ ይወርዳል፤ የውስጡ ክፍሎች ግን በጎማው ፍጥነት እየዞሩ ዘይት ያጥራቸዋል። ወደ ፒ ደግሞ ሮለሩ ፈጽሞ ሳይቆም እጃችሁ አይሂድ።

6. በኤን፣ በሚኒሞ፣ ቬንትሌተሩ እየነፋ ቀዝቅዙ። ለሚቀጥለው ሩጫ የሚፈቅድላችሁ ሰዓቱ ሳይሆን ሙቀቱ ነው፤ ዘይቱ ወደ መነሻው ሲመለስ ጀምሩ። ከ115 ዲግሪ በላይ ከወጣ የዛሬው ሥራ አበቃ። ከዚያ ሙቀት ጀምሮ ዘይቱ ውስጡን እንደ ቫርኒሽ ይለብጣል፤ 127 ዲግሪ አካባቢ ጎማ ማሸጊያዎቹ ይደርቃሉ።

ሦስት ንጹሕ ሩጫ ይበቃል። ሦስቱ በ2 በመቶ ውስጥ ከሆኑ አማካዩን ውሰዱ። በየሩጫው እየቀነሱ ከሄዱ ሙቀት ነው፤ እየተንቀጠቀጡ ከወጡና ከወረዱ እሳት ወይም ነዳጅ ነው።

ወረቀቱን ማንበብ

ከ2,800 ዙር በታች ያለውን የቶርክ ጉብታ አትመኑት። እዚያ ኮንቨርተሩ ቶርክ እያባዛ ነው። ከዚያ በላይ ያለውን አንብቡ፤ የጉልበቱን መስመር ደግሞ በዙር ሳይሆን በሮለር ፍጥነት ላይ ተሥሎ እንዲታተምላችሁ ጠይቁ።

መንሸራተቱን አስሉ። በ4,400 ዙር፣ በሁለተኛ ማርሽ፣ ምንም ሳይንሸራተት የሚጠበቀው ፍጥነት፦ 4,400 ÷ (2.80 × 1.46) × 1.98 × 60 ÷ 1,000 = 128 ኪሎ ሜትር በሰዓት። ሮለሩ 120 ካሳየ ልዩነቱ 6 በመቶ ነው፤ ለዚህ ዓይነት ኮንቨርተር ጤናማ ነው። ከ10 በመቶ ካለፈ ኮንቨርተሩ፣ ባንዱ ወይም ጎማው እየተንሸራተተ ነው። የትኛው እንደሆነ እንዲህ ይለያል፦ ጎማው ከሆነ ሮለሩ ላይ ጥቁር ምልክትና የጎማ ሽታ ይቀራል፤ ባንዱ ከሆነ ዙሩ ሩጫው መሃል በድንገት ይዘላል፣ ፍጥነቱ ግን አይከተልም፤ ኮንቨርተሩ ከሆነ ልዩነቱ ከታች እስከ ላይ ሰፊ ነው፣ ዘይቱም ቶሎ ይሞቃል።

200 ተብላ የተሸጠች መኪና ጎማ ላይ ብዙ ጊዜ ከ115 እስከ 140 ባለው ውስጥ ታሳያለች። መኪናዋ ደክማለች ማለት አይደለም። እስከ 1971 የአሜሪካ ፋብሪካዎች የሚጽፉት ግሮስ የሚባለውን ቁጥር ነበር፤ ሞተሩ ብቻውን መሞከሪያ ላይ ተሰቅሎ፣ ያለ አየር ማጣሪያ፣ ያለ ማርሚታ፣ መለዋወጫዎቹ ሳይጫኑበት የተለካ። በ1972 ወደ ኔት ሲዞሩ ቁጥሩ በአንድ ጊዜ ወረደ። የጎማውን ቁጥር በ18 ወይም በ20 በመቶ አብዝቶ «የሞተሩ ጉልበት ይህ ነው» የሚላችሁን ባለሙያ አትቀበሉ። ኪሳራው በሙቀትና በጭነት ይለዋወጣል፤ ቋሚ በመቶ የለውም።

ከ4,000 በላይ መስመሩ ከተሰነጣጠቀ ፑንቲናውን የሚገፋው ስፕሪንግ ደክሞ ሊሆን ይችላል። ቁጥሩ እየወረደ ነዳጁም እያነሰ ከሄደ የቤንዚን ፓምፑን ግፊት በሩጫው ጊዜ ለኩ፤ ከ4 እስከ 6 ፒኤስአይ ውስጥ መቆየት አለበት፤ ሚኒሞ ላይ ደህና ሆኖ ላይ የሚወድቅ ፓምፕ ወይም የተደፈነ ፊልትሮ ብዙ ነው። የካርቡራቶሩን ጄት ከመቀየራችሁ በፊት ይህን አጥሩ።

አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ፤ ታይሚንግ ወይም ጄት፣ ሁለቱንም አብራችሁ አይደለም። በወረቀቱ ጀርባ የጎማውን ነፋስ፣ የዘይቱን መነሻ ሙቀት፣ የቀበቶውን ውጥረት፣ የተነሳችሁበትን ዙር፣ ማርሹንና የማስተካከያውን ስም ጻፉ። ወደ ቤት ስትመለሱ መኪናዋ ከቀዘቀዘች በኋላ ከካምቢዮው ሥር ካርቶን አንጥፉ፤ ጠዋት ቀይ ጠብታ ካያችሁ መጀመሪያ የምታዩት የባንዱን መቆለፊያ ዳዶና የራዲያተሩን ቱቦዎች መጋጠሚያ ነው።